የግራ መስመር ሰው

ዊብኬ ሃርምስ ሦስት ደብዳቤ ሳትከፍት መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን በጃኬቷ ኪስ ይዛ ነበር የምትዞረው። የቆለፈችው ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ብላ አልነበረም። አባቷ የሰው ደብዳቤ አይነካም። የፈራችው ራሷን ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በአገሩ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለችው ከሌር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንገድ ጥገና ጣቢያ ትሠራለች። ብርቱካናማ ልብሷን ለብሳ ከባልደረባዋ ከፎኮ ጋር በሠላሳ አንድ ቁጥር የፍጥነት መንገድ ላይ ትወጣና ከጭነት መኪና የወደቀ መሰላል፣ የፈነዳ ጎማ፣ የተገጨ ሚዳቋ ታነሳለች። መንገዱ ከባሕሩ አቅራቢያ ተነስቶ በሜዳው መሀል ወደ ደቡብ እንደ ክር ተወጥሮ ይሄዳል። አብዛኛው ክፍሉ የፍጥነት ገደብ የለውም፤ መኪናው የቻለውን፣ ነጂው የደፈረውን ያህል ነው። ፈጣኖቹ የሚበሩት በግራው መስመር ነው።

የደብዳቤዎቹ ባለቤት ቲልማን ሮስለር ይባላል፤ የደቡብ ሰው ነው። ሥራው አዳዲስ መኪናዎችን ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት በከፍተኛ ፍጥነት እየነዳ ፍሬናቸውን መፈተሽ ነው። ጎህ ሲቀድ መንገዱ ላይ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ስለሆነ፣ የወደቀ ነገር ካየ ቆም ብሎ በቀጥታ ለጣቢያው ይደውላል። ስልኩን የምታነሳው ዊብኬ ነበረች።

«እንደምን አደሩ። ኪሎ ሜትር ሰማንያ ስምንት፣ ቀኝ መስመር፣ መሰላል።»

«አመሰግናለሁ።»

ለሁለት ወር ያህል ንግግራቸው ከዚህ አላለፈም። አንድ ቀን ግን፣ «ኪሎ ሜትር መቶ አሥራ ሁለት ላይ ፍራሽ ወድቋል፤ ግን ተይዟል» አላት።

«በማን?»

«በአንድ ቁራ። የተመቸው ይመስላል።»

«መጥተን እናስነሳዋለን።»

«እባክዎ ቀስ ብለው ይቀስቅሱት።»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልቧ ከስልኩ ቀድሞ መጥራት ጀመረ።

በብርዱ ወራት ቲልማንን ለበረዶ ላይ ፍተሻ ወደ ሰሜን ስዊድን ላኩት። እዚያ ደግሞ ምሥጢር እንዳይወጣ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈላት። የመጀመሪያው ደብዳቤ «ይቅርታ፣ በወረቀት ላይ እርስዎ ማለት አቃተኝ። አንቺ ልበልሽ?» ብሎ ይጀምራል። ዊብኬ ይህን መስመር የጣቢያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ አነበበችው፤ ጉንጯ እስኪቀዘቅዝ ድረስም መውጣት አፈረች።

ሁለት ዓመት ሆናቸው። በሁለቱ ዓመት ግን ቲልማን የዊብኬን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

ምክንያቱ አባቷ ኦኖ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውም በዚያው መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው ሠርተዋል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ መኪና የማስጠንቀቂያ መብራት ያለበትን ተጎታች መትቶ በላያቸው ላይ ገፋው። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አይራመዱም። ዊብኬ ስለ ቲልማን ስትነግራቸው ቁጣ አላሳዩም። «ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል። ከግራ መስመር ሰው ጋር ግን አንድ ማዕድ አልቀርብም» አሉና ዝም አሉ። የኦኖ ዝምታ ከሌላ ሰው ቁጣ ይከብዳል።

የቲልማን ቤትም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በበጋ ወላጆቹ ጋ ሲወስዳት፣ መጻሕፍት እስከ ጣራ የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ እራት ቀረበ። ሁለቱም ፕሮፌሰሮች ናቸው። እናቱ፣ «ምንድን ነው ያጠናሽው?» አሏት። «መንገድ አጸዳለሁ» አለች ዊብኬ። «እንዴት ጠቃሚ ሥራ ነው» አሉ እናቱ። ከዚያ በኋላ የሹካና የቢላ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሲመለሱ ስለዚያ እራት አላነሱም፤ ዊብኬ ግን ያን የሹካ ድምፅ ይዛው ነበር የተመለሰችው።

ከዚያ አንድ የመስከረም ጠዋት መጣ። እሷና ፎኮ የተቀደደ የጭነት መኪና ጎማ እየጎተቱ ነበር። በጥቁርና ነጭ ጥምዝምዝ ፕላስቲክ የተሸፈነ መኪና፣ ቅርጹ እንዳይታወቅ የተሸፋፈነ የፍተሻ መኪና፣ ወደ ግራ እንኳን ሳይርቅ በቅርባቸው ባለው መስመር ከሁለት መቶ በላይ በሆነ ፍጥነት አለፈ። ንፋሱ ዊብኬን ከብረት አጥሩ ጋር አጋጫት፤ ቆቧ በአጥሩ ላይ አልፎ ቦይ ውስጥ ገባ። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ማን እንደሆነ ታውቃለች። እንዲህ በተሸፈነ መኪና ማን እንደሚነዳም ታውቃለች።

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «አባቴ ልክ ነበር» አለች በልቧ፤ «ለነሱ እኛ የመንገዱ ዕቃ ነን።» ማታውን በአንዲት ካርድ ላይ «በቃን» ብላ ጽፋ ላከችለት። ምክንያቱን አልጻፈችም። ሰበብ ሰምታ እንዳትሸነፍ ፈራች።

* * *

ቲልማን መደወሉን አልተወም። ስልኩ ሲጠራ ዊብኬ ጓንቷ የጠፋባት መስላ ትወጣለች፤ ፎኮ ያነሳዋል።

«ሰውዬሽ ነበር» ይላታል ፎኮ ስትመለስ።

«የኔ ሰውዬ አይደለም።»

«እንግዲያው የጣቢያው ሰውዬ ነው። ኪሎ ሜትር ዘጠና ላይ ባልዲ ወድቋል ይላል። ድምፁ ራሱ ከባልዲ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው።»

«ፎኮ፣ ተወኝ።»

«እኔስ ልተውሽ። እሱ ግን ግራ ገብቶታል። የግራ መስመር ሰው ግራ ሲገባው ደግሞ ለሁላችንም ደግ አይደለም።»

ፎኮ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ሴት ልጆች ድሯል። የሰው ጉዳይ ውስጥ አልገባም ሲል ይምላል፣ ሁልጊዜም ይገባል። በማግሥቱ ቲልማን ሲደውል ዊብኬ ከመኪናው ዕቃ ስታወርድ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ። ከሦስት ሳምንት በፊት ኪሎ ሜትር መቶ አራት ላይ ከናንተ መኪኖች አንዱ ለጥቂት ሳይገጫት አለፈ። እሷ አንተ ነህ ብላ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የቲልማን ሞተር ሲጠፋ ተሰማ።

«አንተ ነበርክ?» አለ ፎኮ።

«አይደለሁም። ያን ቀን መኪናዬን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ ንገራታ።»

«እሷ ተጎዳች?»

«ቆቧ ጠፋ። ሌላው ደህና ነው።»

ፎኮ በኋላ ለሚስቱ ሲያወራ፣ «ሰውየው ከዚያ በኋላ ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ነው የመሰለኝ» ብሏል።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ለዊብኬ ነው፤ አራተኛ ሆኖ ሳይከፈት መሳቢያው ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ለአባቷ ነበር። ኦኖ መነጽራቸውን አድርገው በመስኮቱ አጠገብ ቆመው አነበቡት፦

«የተከበሩ አቶ ሃርምስ፣

ያን ጠዋት መኪናውን የነዳሁት እኔ አልነበርኩም። ማን እንደነዳው የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ ሰውየውም አምኗል። ይህን የምጽፍልዎ ግን ነፃ ነኝ ለማለት አይደለም። ወረቀት ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚመሰክረው። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ዳር ቆመው እንደኔ ያሉትን ከውጭ አይተዋል። እሑድ ከምሳ በኋላ በራሴ መኪና መጥቼ ደጅዎ እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ከጎኔ ይቀመጡና ከውስጥ ይዩኝ። ከዚያ በኋላ ለልጄ አትጻፍላት ካሉኝ አልጽፍላትም።»

ኦኖ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለልጃቸው ምንም አልነገሯትም። ያን ቀን ማታ ግን ሁለት ጊዜ ደረታቸውን ሲዳብሱ አየቻቸው፤ ልባቸውን ያመማቸው መስሏት ደነገጠች።

* * *

እሑድ ከምሳ በኋላ አንድ ያረጀ ሰማያዊ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ዊብኬ በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ እጇ ላይ የነበረው ሳህን ተመልሶ ውኃው ውስጥ ገባ።

«አባዬ፣ እሱ ነው። እኔ አልጠራሁትም።»

«እኔ ነኝ የጠራሁት ማለት ይቻላል» አሉ ኦኖ። የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገዋል። «ለሻይ እመለሳለሁ።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«መንገዴን ላየው።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። ቲልማን በሩን ከፍቶ ሲያስገባቸው ወደ መስኮቱ ቀና አለ። ዊብኬ ከመጋረጃው ጀርባ መሸሽ ነበረባት፤ አልሸሸችም። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሱ ፊቱን ቶሎ አዞረ። ቂም ያየ መስሎት ነበር። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደከሳ ነበር የምታየው።

መኪናው ውስጥ ኦኖ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሀል አቆሙ።

«ሲበቃዎት እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው ቀስ እላለሁ» አለ ቲልማን። «ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ አላወራም። ንቀት እንዳይመስልዎት።»

«እኔ ከዜሮም በላይ አላወራም» አሉ ኦኖ።

እሑድ ስለሆነ የጭነት መኪኖች የሉም። ሰማዩ ከፍ ብሎ ጠርቷል፤ በሁለቱም ወገን ላሞችና ቦዮች ብቻ ናቸው። ቲልማን የፍጥነት ገደቡ የሚያበቃበትን ምልክት እንዳለፈ ስፖኪዮውን አየ፤ ደግሞም አየ፤ ከዚያ ረገጠ። መቶ ስልሳ። መቶ ዘጠና። ኦኖ በሕይወታቸው ከመቶ ሃያ በላይ ሄደው አያውቁም። ሁለት መቶ ላይ የቲልማን ፊት ተለወጠ። እንደሚጸልይ ሰው ተረጋጋ። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ በመሀል የተቆራረጠው ነጭ መስመር ገጥሞ አንድ ሆነ፤ ድልድዮቹ ገና ከሩቅ ሲታዩ ወዲያው ራስ ላይ ናቸው። ኦኖ ፍርሃት ጠብቀው ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ ሳሉ በቀዘቀዘው ቦይ ላይ በበረዶ ጫማ ሲንሸራተቱ ይሰማቸው የነበረው ደስታ ነው። አፈሩና ከንፈራቸውን ነከሱ።

ድንገት ሞተሩ ድምፁን ቀነሰ። ሁለት መቶ፣ መቶ ስልሳ፣ መቶ ሃያ። ኦኖ እጃቸውን አላነሱም፤ ለምን እንደቀነሰ ስላልገባቸው ወደፊት አፍጥጠው አዩ። ቆይተው ነው ያዩት፦ መንገዱ ዳር የተበላሸ መኪና ቆሟል፤ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንድ ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ጎማ ይፈታል። ቲልማን በግራ በኩል ርቆ፣ በዘጠና አለፈው። ሰውየው ቀና እንኳን አላለም። አላስደነገጡትም።

ኦኖ በከዘራቸው ወደሚቀጥለው ማረፊያ ጠቆሙት። ወርደው እንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«በግራ በኩል ባዶ ነበር» አሉ ኦኖ። «ሳትቀንስ ማለፍ ትችል ነበር።»

«በግራም ባልፍ ንፋሱ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ጃኬት ይጎተታል፣ መኪናው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ዊብኬ ናት የነገረችኝ።»

ኦኖ የከዘራቸውን እጀታ ሲያሹ ቆዩ።

«ይህ የኔ ንግግር ነው» አሉ። «ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብላ ስትጠይቀኝ የነገርኳት ነው።» ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አጋደሙ። «ዳሌዬን የሰበረው ጎረምሳ ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዞ መጥቶ ነበር። ከበር እንዲመልሱት አደረግሁ። ያን ጊዜ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እነግረው ነበር፤ ምናልባትም ሰው ይሆን ነበር። ዕድሉን እኔ ነኝ የነሳሁት።»

ቲልማን ሊያጽናናቸው አልሞከረም። ኦኖም የወደዱለት ይህንኑ ነው።

ሲነሱ ባርኔጣቸውን ጠበቅ አደረጉና፣ «በመልሱ» አሉ ወደ ሌላ እያዩ፣ «መንገዱ ባዶ ከሆነ ትንሽ ጨመር ብታደርገው አልቀየምህም።»

* * *

ዊብኬ መሳቢያውን የከፈተችው መኪናው ከዓይኗ እንደተሰወረ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ምን አጠፋሁ የሚል ነበር። ሁለተኛው ለዚያ እራት ይቅርታ ይጠይቃል። «ያን ቀን ለእናቴ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። የተቀየምሽው በዚያ ከሆነ እውነትሽን ነው» ይላል። ሦስተኛው አጭር ነው፤ ስለ አየሩና ኪሎ ሜትር ሰባ ላይ ስላያት ሽመላ ይናገራል። መንገር የለመደውን ለማን እንደሚነግር የጠፋው ሰው ደብዳቤ ነው። ከዚያ አራተኛውን ከፈተች።

«ዊብኬ፣ ፎኮ ነገረኝ። እኔ አልነበርኩም። ግን ይህን ብቻ ብዬ ባቆም እዋሽሻለሁ። አንቺን ከማወቄ በፊት እኔም ያ ሰው ነበርኩ። መንገድ ዳር ብርቱካናማ ቀለም አይ ነበር፤ ሰው አላይም ነበር። ስንቱን እንዳለፍኩ አላውቅም፤ ምናልባት አንቺንም አልፌሻለሁ። ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ብርቱካናማ ነገር ባየሁ ቁጥር ያቺ ሳቅ ያላት ልጅ ትሆናለች እላለሁ፤ እግሬም በራሱ ይነሳል። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስላላደረግሁት ጠዋት አይደለም፤ ስለማላስታውሳቸው ጠዋቶች ነው።»

ጨርሳ እንደገና አነበበችው። ነፃ ነኝ ብሎ ቢምልላት ትጠራጠረው ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ያመነውን ሰው ግን እንዴት አድርጋ ትጠራጠረው? ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማንቆርቆሪያው እየፈላ እየጮኸ አልሰማችውም።

* * *

መኪናው ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኦኖ ወረዱ። ጉንጫቸው እንደ ሕፃን ቀልቷል።

«ሻይ ለሦስት ሰው ቅጂ» አሉና ገቡ። በሩንም ሆን ብለው ከኋላቸው ዘጉት።

ቲልማን ከመኪናው አጠገብ አልራቀም።

«አባቴን ምን አደረግከው?» አለችው።

«እኔ አይደለሁም። እሳቸው ናቸው ጨምር ያሉት።»

«አባቴ?»

«ሁለት መቶ አርባ ስምንት ደረስን። ሃምሳ ልሞላላቸው ስል የሌር መውጫ ደረሰ። ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።»

ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

«ደብዳቤዎቹን ከፈትኳቸው።»

«አራተኛውንም?»

«አራተኛውን ሁለት ጊዜ።»

አቀረቀረ። «እንግዲያው ማን እንደሆንኩ አውቀሻል።»

«ማን እንደነበርክ ነው ያወቅሁት። ማን እንደሆንክማ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስትነግረኝ ነበር፤ ያላመንኩት እኔ ነኝ።» ወደሱ ሁለት እርምጃ ሄደች። «ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ከዚያ እራት ጀምሮ ግን ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን አይተኸኝ እንዳላየኸኝ ታልፋለህ ብዬ እጠብቅ ነበር። ያ መኪና ሲያልፍ የጠበቅሁት የደረሰ መሰለኝ።»

«እናቴ መቼ ነው ደግመህ የምታመጣት እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የሰነበተችው። ያን ቀን የምትለው ጠፍቷት ነው፤ አፍራለች።» የመኪናውን በር ከኋላው ዘጋ። «ዊብኬ፣ ከፈለግሽ ይህን ሥራ ልተወው እችላለሁ።»

«አትተወው። እዚያ መንገድ ላይ እንዳንተ ያለ ሰው ቢጨመር እንጂ ቢቀነስ አልወድም። እኔን ግን ፍጥነት ውደጂ አትበለኝ።»

«አልልሽም። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ፍጥነት ምን እንደሆነ ራሴም ረስቼዋለሁ። አንዱ ቀን አላልፍ ብሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ እጇን ዘረጋችለት። እሱ እጇን ትቶ እሷን ነው የያዘው። ከሜዳው የሚመጣው ንፋስ ፀጉሯን ፊቱ ላይ በተነው፤ አላነሳውም። ከእነዚያ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክም ከላይዋ ላይ የወረደ ያህል ትከሻዋ ቀለላት።

ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ኦኖ ራሳቸው ቀዱ፤ ስኒው ውስጥ ያለው ድንጋይ የመሰለ የስኳር ቁራጭ ትኩሱ ሻይ ሲነካው ጠጠር እንደረገጠ ጫማ ተንኮሻኮሸ። ክሬሙን በጎን ጠብ አደረጉበት።

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ሃርምስ» አለ ቲልማን።

«ኦኖ» አሉ ሽማግሌው። «አንተ በለኝ። ሁለት መቶ አርባ ስምንት አብሮኝ የሄደ ሰው እርስዎ ሲለኝ ይደብረኛል።»

በሰሜን ሰዎች ዘንድ እንግዳ በቃኝ የሚለው በአፉ አይደለም፤ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ሲያቆም ነው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ እየሞላ ይሄዳል። ኦኖ ሁለተኛውን ቀዱ፤ ሦስተኛውን ቀዱ፤ ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለዚያ ቀና ስላላለው ሰውዬ እያነሱ አራተኛውንም ቀዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያላወሩትን በአንድ ከሰዓት አወሩት። የቲልማን ማንኪያ ከስኒው ውጭ ማስቀመጫው ላይ ተጋድሟል። አምስተኛው ሲቀዳ ዊብኬ አዘነችለት። የደቡብ ሰው ነው፣ ደንቡን ማን ነገረው? ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሲበቃህ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ነው የምታስገባው» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አላት።

ስኒውንም ወደ አባቷ ጠጋ አደረገ።